በጃፓንኛ «እፈልጋለሁ» ማለት፦ ከ«አማረኝ» ተነስተን ደረጃ በደረጃ

ሰላም ናችሁ። ጃፓንኛ ለጀመረ ሰው ቶሎ የሚያስፈልገው ነገር ምንድነው ብትሉኝ «እፈልጋለሁ» የሚለው ነው እላለሁ፣ ውሃ ለመጠየቅም፣ ምን መማር እንደምትፈልጉ ለመናገርም፣ እቤት ላለ ሰው ናፍቀኸኛል ለማለትም መንገዱ በዚሁ ነው የሚያልፈው። ችግሩ አብዛኞቻችን የምንማረው በእንግሊዝኛ ከተጻፈ መጽሐፍ ነው፣ በእንግሊዝኛ አስበን ወደ ጃፓንኛ ስንሻገር ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ ይገለበጥብናል። እኔም እንደዛው ስታገል ቆይቼ አንድ ቀን «ቡና አማረኝ» የሚለውን አስቤ ነው ነገሩ የበራልኝ። አማርኛ ተናጋሪ ለዚህ ትምህርት ከብዙ ሰው የተሻለ መነሻ አለው፣ ማንም አልነገረንም እንጂ። ስለዚህ እዚህ ከራሳችን ቋንቋ ተነስተን ነው የምንሄደው።

መጀመሪያ አጻጻፉን እንስማማ

ጃፓንኛውን በሙሉ በፊደላችን ነው የምጽፈው። ጃፓንኛ አናባቢው አምስት ብቻ ነው፣ በእኛ ቤት ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ ማለት ነው። ግዕዝ የለም፣ ሳድስ ደግሞ «ን» ላይ እና እንደ «ዴስ» ባሉ ቃላት መጨረሻ ላይ ያለችው ኡ ስትዋጥ ነው የሚሰማው። ኢ ወይም ኦ ለብቻዋ ተጽፋ ካያችሁ ድምፁን አትዝለሉት፣ ራሱን የቻለ ምት ነው፣ «ሆሺኢ» ሲባል ሺ ላይ ትንሽ ሳብ ነው። የሚጠብቀውን ደግሞ ሁለቴ ጽፌዋለሁ፣ «ካትታ» ካልኩ ታ ይጠብቃል። ማጥበቅና ማላላት ለኛ አዲስ ነገር አይደለም፣ «ገና» ስንል የበዓሉን ከ«ገና አልመጣም» የምንለየው በማጥበቅ ብቻ ነው። ጃፓንኛም እንደዛው ነው፣ «ኪታ» መጣ ነው፣ «ኪትታ» ቆረጠ ነው። ሌላው ተማሪ ወራት የሚፈጅበትን ይሄን ጆሯችሁ ከልጅነት ለምዶታል።

ደረጃ 1፦ ዕቃ ሲሆን «ሆሺኢ»

የምትፈልጉት ነገር ስም ከሆነ (ውሃ፣ ስልክ፣ ጊዜ) ቃሉ «ሆሺኢ» ነው።

ሚዙ ጋ ሆሺኢ ዴስ። ውሃ እፈልጋለሁ።
አታራሺኢ ሱማሆ ጋ ሆሺኢ ዴስ። አዲስ ስማርት ስልክ እፈልጋለሁ።
ጂካን ጋ ሆሺኢ ዴስ። ጊዜ እፈልጋለሁ።

አሁን «ጋ» የምትለዋን ተመልከቱ። የባለቤት ምልክት ናት። ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው፣ «እኔ ነኝ የምፈልገው፣ ውሃው እንዴት ባለቤት ይሆናል?» ብሎ። ግን «ቡና አማረኝ» ስንል ባለቤቱ ማነው? ቡናው ነው እኮ፣ አማረ የተባለው እሱ ነው፣ እኔ «ኝ» ሆኜ መጨረሻ ላይ ነው የተለጠፍኩት። ስለዚህ «ኮኦሂኢ ጋ ሆሺኢ» ስትሉ በልባችሁ «ቡና አማረኝ» በሉ እንጂ «ቡናውን እፈልጋለሁ» አትበሉ። «ን»ን ካሰባችሁ የተሳቢ ምልክቷን «ኦ»ን አምጥታችሁ «ኮኦሂኢ ኦ ሆሺኢ ዴስ» ትላላችሁ፣ እሱ ደግሞ ፈተና ላይ ነጥብ ያስቆርጣል። «እኔ» ማለትም አያስፈልግም፣ «ዋታሺ ዋ» ብላችሁ ብትጀምሩ ስህተት አይደለም ግን ጃፓኖች ብዙ ጊዜ ይተዉታል፣ እኛ «እኔ ቡና አማረኝ» እያልን እንደማንጀምረው።

አንድ ልዩነት አለ። «አማረኝ» ግስ ነው፣ «ሆሺኢ» ግን ቅጽል ነው። የጃፓንኛ ቅጽል ደግሞ ጊዜንም አሉታንም ራሱ ይሸከማል። መጨረሻ ያለችውን ኢ አውጥታችሁ በቦታዋ ሌላ ታስገባላችሁ፦

ሆሺኢ (እፈልጋለሁ)
ሆሺኩናኢ (አልፈልግም)
ሆሺካትታ (ፈልጌ ነበር)
ሆሺኩናካትታ (አልፈለግኩም ነበር)

«ዴስ» አክብሮት ብቻ ናት፣ በአራቱም ላይ ሳትለወጥ ትቀጠላለች። ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው ስህተት «ሆሺኢ ዴሽታ» ማለት ነው፣ ዴስን ወደ ኃላፊ ጊዜ ወስዶ። አይሆንም፣ ኃላፊው ቅጽሉ ላይ ነው የሚገባው፣ «ሆሺካትታ ዴስ»። ይሄን አንዴ ካስተካከላችሁ ለ«ታኢ»ም ያገለግላችኋል።

ደረጃ 2፦ ድርጊት ሲሆን «ታኢ»፣ እዚህ ጋ ፊደል ገበታው ይጠቅማችኋል

መብላት፣ መሄድ፣ መማር ስትፈልጉ ግሱን ቆርጣችሁ «ታኢ» ትቀጥላላችሁ። ጥያቄው የት ላይ ነው የሚቆረጠው ነው። መጽሐፎቹ ረጅም ሰንጠረዥ ይሰጣሉ፣ እኔ ግን ሰንጠረዡን ትቼ የያዝኩት ሀ ሁ ሂ ሃ ብለን በቆጠርነው ገበታ ነው።

የጃፓንኛ ግስ በመዝገበ ቃላት ውስጥ ሁሌም በካዕብ ነው የሚያልቀው። ኖሙ (መጠጣት)፣ ካኩ (መጻፍ)፣ ዮሙ (ማንበብ)፣ አሶቡ (መጫወት)፣ ኢኩ (መሄድ)። አብዛኛው ግስ የሚፈልገው ካዕቡን ወደ ሣልስ መቀየር ብቻ ነው። ሙ ሚ ትሆናለች፣ ኩ ኪ ትሆናለች፣ ቡ ቢ ትሆናለች። ከዛ ታኢ፦

ኖሙ፣ ኖሚ፣ ኖሚታኢ (መጠጣት እፈልጋለሁ)
ካኩ፣ ካኪ፣ ካኪታኢ (መጻፍ እፈልጋለሁ)
አሶቡ፣ አሶቢ፣ አሶቢታኢ (መጫወት እፈልጋለሁ)
ካኡ፣ ካኢ፣ ካኢታኢ (መግዛት እፈልጋለሁ)

በቃ ይሄው ነው። ሁለት ቦታ ብቻ ድምፁ ትንሽ ያፈነግጣል፣ ሱ «ሲ» ሳይሆን ሺ ነው የምትሆነው (ሃናሱ፣ ሃናሺታኢ፣ መናገር እፈልጋለሁ) እና ትሱ ደግሞ ቺ ትሆናለች (ማትሱ፣ ማቺታኢ፣ መጠበቅ እፈልጋለሁ)።

ሁለተኛው የግስ ቡድን ከዚህም ይቀላል። በ«ሩ» አልቆ ከሩ በፊት ያለው ፊደል ኃምስ ወይም ሣልስ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሩን ጣል ማድረግ ነው። ታቤሩ (መብላት) ታቤታኢ ይሆናል፣ ሚሩ (ማየት) ሚታኢ ይሆናል፣ ኔሩ (መተኛት) ኔታኢ። «ብዙ ጊዜ» ያልኩት አታላዮች ስላሉ ነው፣ ዋናው አታላይ «ካኤሩ» ነው፣ ወደ ቤት መመለስ። ሲታይ ሩ የሚጣልለት ይመስላል ግን የመጀመሪያው ቡድን ነው፣ ስለዚህ ሩ ሪ ሆና «ካኤሪታኢ» ይባላል። ሩን ጥላችሁ «ካኤታኢ» ካላችሁ «መቀየር እፈልጋለሁ» ብላችሁ ነው ያረፋችሁት፣ ምክንያቱም መቀየርም በመዝገበ ቃላት ካኤሩ ነው፣ እሱ ነው ሩ የሚጣልለት። ከሥራ ደክሟችሁ «ቤቴ መግባት ነው የምፈልገው» ልትሉ ስትሉ ሌላ ነገር ይወጣል፣ ስለዚህ ይቺን ለብቻ በቃል ያዟት።

ሕግ የማይገዛቸው ሁለት ግሶች ብቻ ናቸው፣ ሱሩ (ማድረግ) ሺታኢ፣ ኩሩ (መምጣት) ኪታኢ። ሱሩ ብዙ ስም ላይ ስለሚቀጠል «ቤንክዮኦ ሺታኢ ዴስ» (መማር፣ ማጥናት እፈልጋለሁ) አይነቱን ቶሎ ቶሎ ትጠቀሙበታላችሁ።

አንዴ ታኢ ከገባ ግሱ ግስ መሆኑን ይተዋል፣ እንደ ሆሺኢ ቅጽል ይሆናል፣ አረባቡም ያው ነው። ታቤታኢ፣ ታቤታኩናኢ፣ ታቤታካትታ፣ ታቤታኩናካትታ። እዚህም «ታቤታኢ ዴሽታ» የለም፣ «ታቤታካትታ ዴስ» ነው።

ደረጃ 3፦ «ጋ» ወይስ «ኦ»

ሆሺኢ ላይ ጋ ብቻ ነው ብያለሁ። ታኢ ላይ ግን ሁለቱም ይሄዳል፣ «ሚዙ ጋ ኖሚታኢ» እና «ሚዙ ኦ ኖሚታኢ» ሁለቱም ትክክል ናቸው። እኔ እንዲህ ነው የምለየው፦ ጠምቶኝ ልቤ ውሃው ላይ ካለ፣ ማለትም በአማርኛ «አማረኝ» የምልበት ቦታ ከሆነ፣ ጋ። የማስበው ስለ ድርጊቱ ከሆነ ደግሞ ኦ፣ ለምሳሌ «ሆን ኦ ዩክኩሪ ዮሚታኢ ዴስ»፣ መጽሐፍ ዝግ ብዬ ተረጋግቼ ማንበብ እፈልጋለሁ። እንደዚህ በዕቃውና በግሱ መሃል ሌላ ቃል ሲገባ ኦ ይመቻል። ከዚህ በላይ አትጨነቁበት።

ግን ሁሉም ግስ ኦ አይወስድም። ቦታ ላይ ኒ ወይም ኤ ነው፣ «ኒሆን ኒ ኢኪታኢ ዴስ» ጃፓን መሄድ እፈልጋለሁ። መሆንም ኒ ነው የሚወስደው፣ «ኢሻ ኒ ናሪታኢ ዴስ» ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ። «መቻል እፈልጋለሁ» ለማለት ደግሞ «ዴኪሩ» የሚለው ግስ ታኢ አይቀጠልበትም፣ ዞር ብለው ነው የሚመጡት፣ «ኒሆንጎ ጋ ሃናሴሩ ዮኦ ኒ ናሪታኢ ዴስ»፣ ጃፓንኛ መናገር የምችል መሆን እፈልጋለሁ። ረጅም ነው ግን እንዳለ በቃላችሁ ያዙት፣ ለምን ጃፓንኛ ትማራለህ ለሚለው ጥያቄ ጥሩ መልስ ነው።

ደረጃ 4፦ የሌላ ሰው ፍላጎት፣ ጃፓንኛ ከአማርኛ የሚለይበት ቦታ

እስካሁን አማርኛ ረድቶናል፣ እዚህ ላይ ግን ይለያያሉ። እኛ «ልጁ ከረሜላ አማረው»፣ «ሆዱን አመመው» ስንል ምንም አይከብደንም። ጃፓንኛ ግን የሰው ልብ ውስጥ ያለውን እንዳየ ሰው አድርጎ መናገር አይወድም። ሆሺኢ እና ታኢ የራስን ፍላጎት ለመናገር ናቸው፣ ጥያቄ ሲሆን ደግሞ የሚያናግሩትን ሰው። ስለ ሦስተኛ ሰው «እህቴ ጃፓን መሄድ ትፈልጋለች» ለማለት «ኢሞኦቶ ዋ ኢኪታኢ ዴስ» ብሎ መጨረስ አይቻልም፣ ሰሚው ጆሮ ላይ ይከብዳል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱ «ጋሩ»ን መቀጠል ነው፣ ትርጉሙ ፍላጎቱ በውጭ ይታይበታል እንደማለት ነው። ኢዋን አውጥታችሁ ታስገባላችሁ፦

ኮዶሞ ዋ ኦካሺ ኦ ሆሺጋትቴ ኢማስ። ልጁ ከረሜላ ይፈልጋል።
ኢሞኦቶ ዋ ኒሆን ኒ ኢኪታጋትቴ ኢማስ። ታናሽ እህቴ ጃፓን መሄድ ትፈልጋለች።

ልብ በሉ፣ ሆሺኢ ሆሺጋሩ ሲሆን ጋ ሄዳ ኦ መጥታለች፣ ምክንያቱም አሁን ግስ ሆኗል። ልጅ ሱቅ በር ላይ ቆሞ የእናቱን ቀሚስ ሲጎትት አስቡት፣ ፍላጎቱን እናንተ አትሰሙትም ግን ታዩታላችሁ፣ ጋሩ ያንን ነው የሚናገረው። ስለዚህም ለትልቅ ሰው፣ ለአለቃ፣ ለአስተማሪ አይባልም፣ ሰውየውን እንደ ልጅ የሚያሳይ ነገር አለው።

ሁለተኛውና እኔ የምመርጠው መንገድ የሰማችሁትን እንደሰማችሁት ማስተላለፍ ነው። «ኢኪታኢ ቶ ኢትቴ ኢማስ»፣ መሄድ እፈልጋለሁ ትላለች። ወይም «ኢኪታኢ ሶኦ ዴስ»፣ መሄድ ትፈልጋለች አሉ። እኛ «አሉ» ብለን የሰማነውን እንደምናወራው። ደግሞ «መሄድ የሚፈልግ ሰው» ስትሉ ክልከላው አይሠራም፣ «ኢኪታኢ ሂቶ» ማለት ይቻላል፣ አንድ የተወሰነ ሰው ልብ ውስጥ እየገባችሁ አይደለማ።

ደረጃ 5፦ ሰዋስው ትክክል ሆኖ አነጋገሩ ሲከብድ

ይሄን ክፍል እባካችሁ አትዝለሉት፣ እኔ በጣም ዘግይቼ የተማርኩት ስለሆነ ነው። በዕድሜ ትልቅ የሆነች አስተማሪዬን አክብሬ ቡና ላቀርብላት ብዬ «ሴንሴኢ፣ ኮኦሂኢ ኦ ኖሚታኢ ዴስ ካ» አልኳት። በአማርኛ «ቡና ይፈልጋሉ?» ስለሆነ ምንም ክፋት አልታየኝም። ለአፍታ ዝም አለችና በትህትና መለሰችልኝ፣ ከክፍል ስንወጣ ነው ቀደም ብላ የተማረች ልጅ የነገረችኝ። የሰውን ፍላጎት፣ በተለይ የትልቅ ሰውን፣ በቀጥታ መጠየቅ ልቡን እንደመፈተሽ ነው። «ሆሺኢ ዴስ ካ»ም ያው ነው። ለእንግዳና ለትልቅ ሰው እንዲህ በሉ፦

ኮኦሂኢ ዋ ኢካጋ ዴስ ካ። ቡና እንዴት ነው?

ለእኩያ ደግሞ «ኮኦሂኢ ኦ ኖሚማሴን ካ»፣ ቡና አትጠጣም? እኛም «አትበላም እንዴ?» ብለን እንደምንጋብዘው በአሉታ ይጠየቃል። ለቅርብ ጓደኛ «ኖሚታኢ?» ማለት ችግር የለውም።

ምግብ ቤት ስትገቡም ሆሺኢን እቤት ተዉት። አዲስ አበባ ካፌ ገብታችሁ «ምን ልታዘዝ?» ስትባሉ «ማኪያቶ አማረኝ» አትሉም፣ «አንድ ማኪያቶ» ነው የምትሉት። ጃፓንም «ሱሚማሴን፣ ኦሚዙ ኦ ኩዳሳኢ» (ይቅርታ፣ ውሃ ስጡኝ) ወይም «ኮኦሂኢ ኦ ኦኔጋኢሺማስ» (ቡና እባክዎ) ነው። ሜኑ ላይ መርጣችሁ ስትወስኑ «ኮኦሂኢ ኒ ሺማስ»፣ ቡና ይሁንልኝ። ሻይ ወይስ ቡና ከተባላችሁ ደግሞ «ኮኦሂኢ ጋ ኢኢ ዴስ»፣ ቡና ይሻለኛል።

የራሳችሁን ፍላጎት ለማያውቃችሁ ሰው ስትናገሩም ማለስለሻ አለ። አማርኛ ላይ ቢሮ ገብተን «ላናግርዎት እፈልጋለሁ» ከምንል «ላናግርዎት ፈልጌ ነበር…» ብለን ወደ ኃላፊ ጊዜ ወስደን እናለሰልሰዋለን አይደል? ጃፓኖች ይሄን የሚያደርጉት «ን ዴስ ጋ» ጨምረው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ በመተው ነው። «ቶኢሬ ኒ ኢኪታኢን ዴስ ጋ…»፣ ሽንት ቤት መሄድ ፈልጌ ነበር… ይቺ ጋ የባለቤቷ ጋ አይደለችም፣ «ግን» ማለት ናት፣ ቀሪውን ሰሚው እንዲሞላው በሩን ክፍት መተው ነው።

ሌላው ማለስለሻ «ቶ ኦሞትቴ ኢማስ» ነው፣ ብዬ አስባለሁ። ሜክስት በሚባለው የጃፓን መንግሥት ስኮላርሺፕ ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ ራሳችሁን ስታስተዋውቁ «ኒሆን ዴ ቤንክዮኦ ሺታኢ ቶ ኦሞትቴ ኢማስ» በሉ፣ ጃፓን መማር እፈልጋለሁ ብዬ አስባለሁ። እኛ ጆሮ ላይ ያልወሰነ ሰው ይመስላል፣ እነሱ ጋ ግን አስቦበት የቆየ ጨዋ ሰው ንግግር ነው።

ደረጃ 6፦ ሌላ ሰው እንዲያደርግ መፈለግ

«ጓደኛዬ እንዲመጣ እፈልጋለሁ» ሲሆን ታኢ አይሠራም፣ «ቴ» የሚባለውን የግስ ቅርጽ ከሆሺኢ ጋር ነው። ሰውየው ላይ «ኒ» ይለጠፋል።

ቶሞዳቺ ኒ ኪቴ ሆሺኢ ዴስ። ጓደኛዬ እንዲመጣ እፈልጋለሁ።
ኢካናኢ ዴ ሆሺኢ። እንዳትሄድ እፈልጋለሁ።

የቴ ቅርጽን ገና ካልደረሳችሁበት ይሄን አሁን ዝለሉት፣ ሆሺኢ እና ታኢ የኤን 5 (የጃፓንኛ ችሎታ ፈተና የመጀመሪያው ደረጃ) ጀማሪ ትምህርት ናቸው፣ ይሄ ቀጥሎ የሚመጣ ነው። ለትልቅ ሰው ግን «ኦሺኤቴ ሆሺኢ ዴስ» (እንዲያስረዱኝ እፈልጋለሁ) ማለት ትእዛዝ ትእዛዝ ይላል፣ «ኦሺኤቴ ኢታዳኪታኢን ዴስ ጋ…» ነው የሚባለው።

እንዴት ትለማመዱት

ቃል ከመሸምደድ በፊት አምስት ግስ ብቻ ያዙ፣ ኖሙ፣ ታቤሩ፣ ኢኩ፣ ካኤሩ፣ ሱሩ። እያንዳንዱን በአራቱ ቅርጽ ድምፅ አውጥታችሁ በሉት፣ ታክሲ ሰልፍ ላይም ሆነ እቃ እያጠባችሁ፣ እየጻፋችሁ ብቻ ከሆነ ምላሳችሁ «ታኩናካትታ» ላይ ይወላከፋል። ከዛ በየቀኑ የምር የፈለጋችሁትን ሦስት ነገር ተናገሩ፣ የመጽሐፉን ምሳሌ አትድገሙ። ደክሟችሁ ከሆነ «ካኤሪታኢ»፣ እንቅልፍ ከያዛችሁ «ኔታኢ»። ማታ ላይ ደግሞ ያልሆነላችሁን በኃላፊ ጊዜ፣ «ክዮኦ ዋ ሆን ጋ ዮሚታካትታ ዴስ»፣ ዛሬ መጽሐፍ ማንበብ ፈልጌ ነበር።

የመጨረሻዋ ቃል «አኢታኢ» ናት

መገናኘት በጃፓንኛ «አኡ» ነው፣ ካዕቡን ወደ ሣልስ ስትወስዱት አኢ፣ ከዛ አኢታኢ። በቀጥታ ሲፈታ «መገናኘት እፈልጋለሁ» ነው፣ የሚያገለግለው ግን እኛ «ናፈቅከኝ» በምንልበት ቦታ ነው። ሰውየው ላይ ኦ ሳይሆን ኒ ነው የሚገባው፣ «ኦካኣሳን ኒ አኢታኢ»፣ እማዬ ናፈቀችኝ። ለሌላ ሰው ስለራሳችሁ እናት ስታወሩ ግን «ሃሃ» ነው የምትሏት፣ «ሃሃ ኒ አኢታኢ ዴስ»።

ይቺን ቃል በኃላፊ ጊዜ መቼ እንደሚሏት ሳይ ነው ሰዋስው ብቻ እንዳልሆነች የገባኝ። ስልክ ላይ፣ ርቀው ሳሉ፣ አኢታኢ ነው። ሰውየው መጥቶ፣ ኤርፖርት በር ላይ ሻንጣውን ጥሎ ሲያቅፉት ግን ፍላጎቱ ደርሶ አልፏልና «አኢታካትታ» ይላሉ። እኛም አቅፈን «ናፍቀኸኝ ነበር» እንደምንለው።